በቀኝ ወንበር ተቀምጬ ስላልተናገርሁት፦ ስለ ሟች የበረራ ጓደኛችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ጽሕፈት ቤት፣
ለትርፍ ጊዜ በረራ ክለቦች ኃላፊዎች፣
እንዲሁም ለገዛ ደስታቸው ለሚያበሩ አብራሪዎች በሙሉ፤

የተከበራችሁ ወገኖች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዐሥራ አንድ ዓመታት አብሬው የበረርሁትን፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከእርሱና ከሌላ ጓደኛችን ጋር በጋራ የያዝሁትን፣ ከጥቂት ወራት በፊት ብቻውን ተነሥቶ እንደ ወጣ የቀረውን ወዳጄን ለማስታወስ ነው። ስሙን እዚህ አላነሣም፤ የሚያውቁት ያውቁታል፣ በቤተሰቡ ሐዘን ላይም የሰው ዐይን እንዲጨመር አልሻም። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት የማቀርበው ልመና ለአንድ ቢሮ ብቻ ስላልሆነ፣ ከልመናው ጋር የማቀርበው ኑዛዜም በታሸገ ፖስታ ቢላክ ትርጉሙን ስለሚያጣ ነው።

መብረር መተዳደሪያው አልነበረም። በሥራ ቀናት ሌላ ሙያ ነበረው፤ የሚያበረው በዕረፍት ቀኑ፣ ከደመወዙ በቆጠበው ገንዘብ፣ ማንም ሳያስገድደውና ማንም ሳይከፍለው ነበር። እንዲህ ያለውን አብራሪ ነገሩን እንደ ጨዋታ የያዘ አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ። እርሱን አንድ ቀን ማለዳ ቢያዩት ኖሮ ሐሳባቸውን ይለውጡ ነበር። ጤዛው ከክንፉ ላይ ሳይደርቅ ሃንጋሩ ደጃፍ ይደርሳል። ከእያንዳንዱ የነዳጅ ታንክ ሥር በትንሽ ብልቃጥ ጥቂት ነዳጅ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛልና ያንን የብልቃጡን ሥር ዐይኑ እስኪጠግብ ያየዋል። የነዳጅ መለኪያውን ቀስት አያምንም፤ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ የታንኩን ክዳን ከፍቶ፣ በዘንግ ይለካል። ከዚያም መዳፉን በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ እያሳለፈ አውሮፕላኗን ይዞራታል፤ ዐይን የሳተውን ጉዳት ጣት እንደሚያገኘው ያስተማረኝ እርሱ ነው። የመፈተሻ ዝርዝሩን በቃሉ ቢያውቀውም ሁልጊዜ ከወረቀቱ ላይ ጮክ ብሎ ያነበው ነበር።

ከሞተ በኋላ ሁለት ዓይነት ወሬ ሰማሁ። አንደኛው ከሚወዱት የመጣ ነው፤ እንደ እርሱ ያለ ጠንቃቃ ሰው ሊሳሳት ስለማይችል ጥፋቱ የሞተሩ ወይም የጥገናው መሆን አለበት ይላሉ። ሁለተኛው ከማያውቁት የመጣ ነው፤ በዚያ ዓይነት ሰማይ ሥር የሚበር ሰው ሞቱን ፈልጎ የወጣ ነው ይላሉ፤ ይህንንም ያሉት አስከሬኑ እንኳ ከተራራው ሳይወርድ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ስለ ፍቅራቸው አከብራቸዋለሁ፤ የኋለኞቹን ስለ ልጆቹ ሲሉ ዝም እንዲሉ እለምናቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወሬዎች እርሱን ከእኛ ያርቁታል። አንደኛው ከስሕተት በላይ ያደርገዋል፣ ሌላው ከእኛ በታች ያደርገዋል፤ በሁለቱም መንገድ ሞቱ እኛን የማይመለከት ሞት ይሆናል። እኔ ግን እንደሚመለከተን አውቃለሁ፤ ያወቅሁትም እንዲህ ነው።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ ባለቤቱ የበረራ መዝገቡን ሰጡኝ። በውስጡ ያሉትን አጫጭር ምልክቶች አንብቤ እንዳስረዳቸው፣ ከቤት ወጥቶ በሚውልባቸው በእነዚያ ቀናት ምን ያደርግ እንደነበር ለማወቅ ፈልገው ነበር። የሁላችንም መዝገብ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀን፣ የአውሮፕላኑ መለያ፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ የተበረረው ሰዓት፣ የማረፊያው ብዛት፣ በስተመጨረሻም ‹አስተያየት› የምትል ጠባብ ዐምድ። አብዛኞቻችን ይህችን ዐምድ ባዶ እንተዋታለን፣ ወይም ‹መልካም በረራ› ብለን እናልፋታለን። እርሱ ግን ይጽፍባት ነበር። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ‹ተመለስሁ› የሚለውን ቃል ዐሥራ አራት ጊዜ አገኘሁት። ‹የጎን ነፋስ በረታ፣ ተመለስሁ።› ‹ሞተሩ ድምፁን ለወጠ፣ ተመለስሁ።› ‹ደስ አላለኝም፣ ተመለስሁ።› ይህችን የመጨረሻዋን ለባለቤቱ ሳነብላቸው አለቀሱ፤ አንዳንድ ቀን ከተናገረው ሰዓት ቀድሞ ለምን ቤት ይገባ እንደነበር ገና ያኔ ማወቃቸው ነበርና።

በእነዚህ መካከል ግን ሌላ ዓይነት ሦስት መስመሮች ነበሩ። ሦስቱም ስለ ደመና ናቸው። የመጀመሪያው ‹ደመናው ዝቅ አለ፣ በሸለቆው አለፍሁ› ይላል። ሁለተኛው ‹እንደገና በሸለቆው› ብቻ ይላል። ሦስተኛው ከሁሉም ያጠረ ነው፤ ‹አለፍን› ይላል። ‹አለፍሁ› ሳይሆን ‹አለፍን› ያለው እኔ አብሬው ስለነበርሁ ነው።

ያን ቀን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀረን ከፊታችን ያለው ደመና እስከ ኮረብታዎቹ ትከሻ ወርዶ ነበር። እርሱ ከፍታ ቀነሰ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀነሰ። በስተግራችን ያለው ሸንተረር ጫፉን ደመና ዋጠው፤ በስተቀኝ ያለው ከክንፋችን በላይ ሆነ፤ በፊት መስተዋቱ ላይ የዝናብ ጠብታ መስመር እየሠራ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመረ። ሸለቆው እየጠበበ ሲሄድ ለመዞር የሚበቃ ስፋት ይኖረን እንደሆነ በዐይኔ እለካ ነበር፤ ከዚያ መልሱን ፈርቼ መለካቱን ተውሁት። እኔም ፈቃድ ያለኝ አብራሪ ነኝ። እርሱ የሚያየውን ሁሉ አያለሁ። ‹እንመለስ› የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ አላልሁም። መሪውን የያዘው እርሱ ነው፣ ልምዱ ከእኔ ይበልጣል፣ ጠንቃቃ ሰው ነው እያልሁ ራሴን አጽናናሁ፤ እውነቱ ግን በፊቱ ፈሪ መስዬ እንዳልታይ መስጋቴ ነበር። በመጨረሻ ሸለቆው ተከፈተ፣ ማኮብኮቢያው ታየን፣ አረፍን። ከአውሮፕላኗ ወርደን ሁለታችንም ከልክ በላይ ሳቅን። ማታ በመዝገቤ ላይ ‹መልካም በረራ› ብዬ ጻፍሁ።

ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ ያ ሳቅ ነው። ተመልሶ ያረፈ ሰው፣ ባይመለስ ኖሮ ምን ይገጥመው እንደነበር በዐይኑ አያይም፤ የመመለሱ ትክክለኛነት ሳይረጋገጥለት ይቀራል፣ የባከነው ነዳጅና የቀረው ቀጠሮ ግን ይታወቀዋል። ያለፈ ሰው በአንጻሩ ማለፉን ያያል። ሸለቆው አንድ ጊዜ ሲያሳልፍ ያስተምራል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲያሳልፍ ያለማምዳል፤ በሦስተኛው ደግሞ በቀኝ ወንበር የተቀመጠ ምስክር ነበረ፣ ያም ምስክር ዝም ብሎ ኋላም አብሮት ሳቀ። ስለዚህ ጓደኛችን ጥንቁቅ ነበር የሚሉትም፣ ሊያስቡት የሚከብድ አደጋ ውስጥ ገብቶ ያውቃል የሚሉትም ስለ አንድ ሰው እየተናገሩ ነው። ከዚህ አንዱን ቆርጦ ጥሎ ሌላውን ብቻ የሚያስታውስ፣ እኔ የማውቀውን ሰው አያስታውሰውም።

ይህን ስጽፍ የመጨረሻው አደጋ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። የተከበራችሁ መርማሪዎች፣ ፍርዱ የእናንተም እንዳልሆነ፣ ሥራችሁ ከፍርድ የተለየ መሆኑን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አባሪ 13 የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ አደጋን መከላከል እንደሆነ፣ ጥፋተኛን ወይም ተጠያቂን መለየት ዓላማው እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጧል። ሆኖም በዚሁ አባሪ መሠረት ስለ አደጋ ለዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የማሳወቅ ግዴታ በዋነኛነት የሚመለከተው ክብደታቸው ከ2,250 ኪሎ ግራም የሚበልጡ አውሮፕላኖችን ነው። የእኛዋ ባለ አራት መቀመጫ ሙሉ ጭነቷን ይዛ እንኳ 1,200 ኪሎ ግራም አትሞላም። ሚዛኗ ቀላል ስለሆነ ምርመራው እንዳይቀልል፣ ሪፖርቱም ‹የአብራሪው ስሕተት› በሚሉ ሁለት ቃላት እንዳይዘጋ እለምናለሁ።

በዚያ ሰዓት ስለ ሆነው ነገር እኔ የማውቀው በመሬት ላይ የነበሩ ሰዎች የነገሩንን ያህል ነው፤ ዝቅ ካለ ደመና ሥር ስትበር አይተዋታል፣ ከዚያ በኋላ ድምፅዋን ብቻ ሰምተዋል። ይህ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ሞተሯ ካርቡሬተር፣ ማለት ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል፣ ያለው ነው። በካርቡሬተር ውስጥ ነዳጁ ሲተንና አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ አየሩ እርጥበት ካዘለ ውጭው ቀዝቃዛ ባልሆነበት ቀን እንኳ በረዶ ተጋግሮ ሞተሩን ሊያፍነው ይችላል፤ ይህ በረዶ ደግሞ መርማሪ ቦታው ሳይደርስ ቀልጦ የሚጠፋ ማስረጃ ነው። ስለዚህ የዚያን ሰዓት የአየር ሙቀትና እርጥበት፣ የካርቡሬተር ማሞቂያው እጀታ የተገኘበትን ቦታ፣ ሞተሩ በጉልበት ይሠራ እንደነበር የሚጠቁመውን የፕሮፔለሩን አጎባበጥ፣ ጠዋት ያየውን የአየር ትንበያ፣ ይህን ሁሉ ብትጽፉልን ጓደኛችንን እንደ አንድ ተራ ቁጥር ሳይሆን እንደ አንድ ሰው መረመራችሁት ማለት ነው።

ደመና ውስጥ ገብቶ ከሆነም ሪፖርቱ ደመና ሰውን ምን እንደሚያደርገው ያስረዳልን። በውስጠኛው ጆሯችን ባሉት የፈሳሽ ቦዮች አማካይነት መዞራችንን እናውቃለን፤ አዟዟሩ ቀርፋፋና ያልተቋረጠ ሲሆን ግን ፈሳሹ ከቦዩ እኩል ይጓዝና የመዞር ስሜቱ ይጠፋል። አድማስ ከታየን ዐይናችን ጆሯችንን ያርመዋል፤ በደመና ውስጥ ግን የሚታይ አድማስ የለም። አውሮፕላኗ አዘንብላ እየዞረች አብራሪው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል፤ ክንፏን ሲያቃናት ደግሞ ወደ ሌላው ጎን የወደቀ ይመስለውና ወደ መጀመሪያው ይመልሳታል። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ መብረር፣ ማለት ውጭውን ሳያዩ የመሣሪያዎችን ንባብ ብቻ ተከትሎ ማብረር፣ ያልሠለጠኑ 20 ሰዎችን ደመና ውስጥ የገቡ ያህል ውጭውን እንዳያዩ አድርጎ ፈትኗል። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ይህ እስኪሆን የፈጀው ጊዜ በአማካይ 178 ሰከንድ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሰነፍ ወይም ደፋር ስለሆነ የተሸነፈ የለም። የሰው ጆሮ የተሠራው ለዚህ ስላልሆነ ነው።

ከዚህ ቁጥር ጎን ሌላ ቁጥር ሁልጊዜ በአእምሮዬ ይመላለሳል። በመሣሪያ የሚደረገው መደበኛ አዟዟር በሰከንድ 3 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ፊትን አዙሮ በመጡበት ለመመለስ 60 ሰከንድ ይበቃል። ያንኑ የኢሊኖይ ሙከራ ያካሄዱት ሰዎችም ዓላማቸው ተራው አብራሪ ይህችን አንዲት አዟዟር በመሣሪያ ብቻ እንዲችላት ማሠልጠን ነበር። እኛ ደግሞ በዚያ ቀን በሸለቆው ውስጥ ከ60 ሰከንድ በጣም የሚበልጥ ጊዜ ነበረን፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣም እንጂ።

አንድ ነገር ለመጨመር ያህል፤ ጓደኛችን የተገኘው በማግስቱ ረፋድ ነው። የአውሮፕላኗ የአደጋ ምልክት ሰጪ መሣሪያ በ121.5 ሜጋ ኸርዝ ብቻ የሚያስተላልፍ አሮጌ ነበር። ሳተላይቶች በዚህ ሞገድ የሚላክን ምልክት መቀበል ያቆሙት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2009 ጀምሮ ነው፤ የሚያዳምጡት በ406 ሜጋ ኸርዝ የሚላከውን ነው። ሦስታችንም ይህን እናውቅ ነበር፤ በየዓመቱ ‹ለከርሞ እንቀይረዋለን› እንባባል ነበር። ሐኪሞቹ ወዲያውኑ እንደሞተ ነግረውናል፤ አዲሱ መሣሪያ ቢኖረን ኖሮም ነፍሱን አያድንም ነበር። ባለቤቱ ግን ያን ሌሊት በር በሩን እያዩ አያነጉም ነበር። ይህ የማንም ቢሮ ጥፋት አይደለም፤ የእኛ የባለቤቶቹ ነው። ዛሬ በእጃችሁ ያለች አውሮፕላን እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዘች ከሆነ፣ የምትቀጥለው በረራ ከመድረሷ በፊት ለውጡት።

የክለባችን አባላት ለመታሰቢያው አብረው ለመብረር፣ ከሰልፉም አንዱ አውሮፕላን ተለይቶ ወደ ላይ እንዲወጣና የእርሱ ቦታ ክፍት ሆኖ እንዲታይ ወስነዋል። እኔም እበራለሁ። ነገር ግን ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች የሞተባቸውን አብራሪ ያከበሩበት ሌላም መንገድ አለ። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ከ2,000 በላይ የተንሸራታች በረራዎችን ካደረገ በኋላ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1896 ወድቆ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። የሞቱ ዜና ከተሰማ በኋላ ነበር ራይት ወንድማማቾች ስለ በረራ አጥብቀው መጠየቅ የጀመሩት። የሊሊየንታልን የክንፍ ስሌቶች ወሰዱ፤ በ1900 እና በ1901 የሠሯቸው ተንሸራታቾች የጠበቁትን ያህል ባያነሧቸው ጊዜም ራሳቸው በሠሩት የነፋስ መፈተሻ ሣጥን ክንፎችን አንድ በአንድ መዘኑ። ታላቅ ሰው ስለነበረ ቁጥሩ አይነካም አላሉም፤ ወድቆ ስለ ሞተም ሥራውን አልጣሉትም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 በሞተር በሚበር አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ለ12 ሰከንድ ያህል ከመሬት ሲነሡ የሞተው ሰው የጀመረው ሥራ አብሯቸው ነበር።

ስለዚህ የክለቦች ኃላፊዎች ሆይ፣ እኔ የምጠይቃችሁ ከግድግዳ ላይ ፎቶግራፍ በላይ ነው። በስሙ ዋንጫ ከመሰየማችሁ በፊት አንድ ሣጥን ክፈቱ፤ አብራሪ ማንም ሳይቀጣውና ማንም ሳያፍርበት ‹ዛሬ ለጥቂት ተረፍሁ› ብሎ የሚጽፍበት ይሁን። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎች የገጠማቸውን ለናሳ ይጽፋሉ፤ የሚቀበለው ተቋም ፈቃድ ሰጪውና ቀጪው እንዳይሆን ሆን ተብሎ ተለይቷል፣ የጸሐፊውም ማንነት ከጽሑፉ ላይ ይነሣል። በብሪታንያም ከ1982 ጀምሮ ተመሳሳይ አሠራር አለ። ትልልቆቹ አየር መንገዶች የሚማሩት ሰው ከመሞቱ በፊት ከሚጻፉ እንዲህ ካሉ ወረቀቶች ነው። እኛ የዕረፍት ቀን አብራሪዎች ግን በሃንጋር ጥላ ሥር ተቀምጠን እንደ ጀብዱ እናወራውና እንስቃለን፤ ከዚያ ወሬው ከሳቁ ጋር ይጠፋል። ጓደኛችን ሦስቱን መስመሮች በዚያች ጠባብ ዐምድ ውስጥ መጻፉ ለእኔ የሚነግረኝ ነገር ቢኖር፣ የሚሰማው ቢያገኝ ኖሮ ይናገር እንደነበር ነው። ከመናገር የተቆጠበ ሰው አልነበረም፤ ያልተጠየቀ ሰው ነበር።

ለእናንተም ለአብራሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከደመናና ከመሬት ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ፣ ምን ያህል ርቀት ማየት እንዳለባችሁ ሕጉ ይነግራችኋል፤ ያን ለእናንተ መድገም አያስፈልገኝም። እኔ የምለምነው በቀኝ ወንበር የሚቀመጠውን ሰው ነው። ከመነሣታችሁ በፊት፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ ‹ከሁለታችን አንዱ እንመለስ ካለ ያለ ክርክር እንመለሳለን፤ ምክንያቱን መሬት ላይ እንነጋገራለን› ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ተስማሙ። እኔና የቀረው ጓደኛችን አሁን ይህን ዐረፍተ ነገር ከመፈተሻ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ጽፈነዋል፤ ጓደኛችን ዝርዝሩን ያነብ እንደነበረው ከወረቀቱ ላይ እናነበዋለን። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተመልሰናል። አንዱን ጊዜ ሰማዩ ወዲያው ጠርቶ ነበር፣ በመመለሳችንም ምንም አልተጸጸትንም።

የበረራ መዝገቡን ለባለቤቱ ከመመለሴ በፊት፣ እርሳቸው ፈቅደውልኝ፣ የእነዚያን ዐሥራ አራት መመለሶችና ሦስት ማለፎች ግልባጭ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለምርመራ ጽሕፈት ቤቱ አያይዣለሁ። የራሴን መዝገብም አብሬ አያይዣለሁ። በዚያ ቀን መስመር ላይ ‹መልካም በረራ› የሚለውን አልሰረዝሁትም፤ መዝገብ አይሰረዝምና። ከጎኑ ግን የዛሬውን ቀን ጽፌ የሚከተለውን ጨምሬያለሁ፦ ‹ደመናው ኮረብታውን ነክቶ ነበር። ለመዞር ጊዜ ነበረን። አይቻለሁ፤ አልተናገርሁም።›

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የበረራ ጓደኛው